ራውተሩ ቅርቡን ትቶ ሩቁን መውጫ ለምን ይመርጣል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። እዚሁ ጅማ በአንድ የቡና ድርጅት የኔትወርክ ሥራ የጀመረች እህት እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ሦስት ሳይት አለን። ዋናው ቢሮ መርካቶ፣ መጋዘኑ አጂፕ፣ እኔ ያለሁበት ቅርንጫፍ ፈረንጅ አራዳ። መርካቶም አጂፕም የየራሳቸው የኢንተርኔት መስመር አላቸው። ሁለቱም ዲፎልት ራውት (ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣውን አጠቃላይ መንገድ) በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ይልኩልኛል። እኔ መሃል ላይ ነኝ፣ እነሱ እርስ በርሳቸው ቀጥታ አልተገናኙም። ወደ መርካቶ ያለኝ ሊንክ ፋይበር ነው፣ ኮስቱ (በኦኤስፒኤፍ የሊንኩ ዋጋ) 10። ወደ አጂፕ ያለው ሬድዮ ነው፣ ኮስቱ 50። ትራፊኩ ግን በሙሉ በአጂፕ ነው የሚወጣው። የአጂፑን ኮስት 1000 አደረግኩት፣ ምንም አልተለወጠም። ራውተሮቹ ሲስኮ ናቸው። ተበላሽቶብኝ ይሆን?»

አልተበላሸም፣ እህቴ። ራውተርሽ የታዘዘውን እየሠራ ነው። አንቺ የምትነካኪው ቁጥርና እሱ የሚያወዳድረው ቁጥር ግን አንድ አይደሉም። ኮስቱን 1000 አይደለም 60000 ብታደርጊው እንኳ በአጂፕ ከመውጣት አይመለስም። ፈተና አልፈው ሰርተፊኬት የያዙ ልጆች ሳይቀሩ እዚህ ጋ ሲደናገሩ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ኦኤስፒኤፍ በራሱ ግቢ ውስጥ ያለውን መንገድ አንድ በአንድ ያውቀዋል። የትኛው ራውተር ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ፣ የእያንዳንዱ ሊንክ ኮስት ስንት እንደሆነ፣ ሁሉንም ካርታ ላይ አስቀምጦ ይደምራል። ከውጭ የገባ መንገድ ግን እንደዚያ አይደለም። የመርካቶው ራውተር ዲፎልት ራውቱን ያገኘው ከኦኤስፒኤፍ አይደለም፤ አንድ ሰው በእጁ ስታቲክ አድርጎ የጻፈው ነው። ራውተሩ ያንን ወስዶ «ወደ ውጭ መሄድ የፈለገ በእኔ በኩል ይለፍ» ብሎ ለሌሎቹ ያውጃል። እንዲህ ዓይነቱን ራውተር ኤኤስቢአር ይሉታል፣ እኔ ግን እዚህ የመውጫ ራውተር እለዋለሁ። አዋጁ ደግሞ ዓይነት 5 ኤልኤስኤ የሚባል መልእክት ነው። በውስጡ የኔትወርኩ አድራሻ፣ አንድ ሜትሪክ (የመንገዱን ዋጋ የሚናገር ቁጥር)፣ የሜትሪኩ ዓይነት 1 ወይም 2 መሆኑ፣ እና ፎርዋርዲንግ አድሬስ የሚባል ነገር ይገኛሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሁለቱን ዓይነቶች በባጃጅ ላስረዳሽ። ነገ አዲስ አበባ ልትሄጂ ነው እንበል። ሁለት የአውቶቡስ ትኬት ቢሮዎች አሉ። ቅርቡ ቢሮ ትኬቱን በ900 ብር ይሸጣል፣ እዚያ ለመድረስ ባጃጅ 30 ብር ነው። ሩቁ ቢሮ በ850 ይሸጣል፣ ባጃጁ ግን በኮንትራት 150 ብር ይጠይቅሻል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ውሰጃቸው። አስተዋይ ሰው ባጃጁን ከትኬቱ ጋር ደምሮ 930 እና 1000 ያገኝና ወደ ቅርቡ ይሄዳል። ይሄ ዓይነት 1 ነው፣ በሲስኮ ሠንጠረዥ ላይ ኢ1 ተብሎ የሚታየው። ዓይነት 2፣ ማለትም ኢ2፣ የሚያየው ትኬቱን ብቻ ነው። 850 ከ900 ያንሳል፣ አለቀ። ባጃጁ 150 ይሁን 1500 ጉዳዩ አይደለም። ባጃጁ ትዝ የሚለው የሁለቱ ቢሮዎች ትኬት ዋጋ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ያኔ «እንግዲያው የቅርቡ ይሻላል» ይላል።

ያንቺ ራውተርም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሲስኮ ዓይነቱን ካልነገርሽው በነባሪ ኢ2 ነው የሚያደርገው። አንቺ የቀየርሽው የባጃጁን ዋጋ ነው።

ኢ2 ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ ብለሽ ብትጠይቂ፣ የሠሩት ሰዎች ሞኝነት አይደለም። ፕሮቶኮሉን የጻፈው ጆን ሞይ ነው፤ ዛሬም የምንሠራበት ሰነድ በ1998 የወጣው አርኤፍሲ 2328 ነው። ከኢ2 በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ከግቢ ውጭ ያለው ጉዞ ከግቢው ውስጡ በጣም ይበልጣል የሚል ነው። የውጭውን ዋጋ ወደ ውስጥ ኮስት መመንዘር ስለሚያስቸግር አይመነዝሩትም፣ ለብቻው ያወዳድሩታል። ለአንዳንድ ሥራ ይህ ትክክል ነው፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ያንቺን ራውተር ቁጭ ብለን እንየው። ሾው አይፒ ራውት 0.0.0.0 ብለሽ ጻፊ። ዲስታንስ 110፣ ሜትሪክ 10፣ ታይፕ ኤክስተርን 2፣ ከዚያ ፎርዋርድ ሜትሪክ 1000 የሚል ታያለሽ። ኮስቱን ከመቀየርሽ በፊት ብታዪው ኖሮ ፎርዋርድ ሜትሪኩ 50 ነበር የሚለው። ልብ በዪ፣ 10 የሚለው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ከየትኛውም ራውተር ላይ ሆነሽ ብታዪው ያው 10 ነው። ቁጥሩ በየሆፑ የማይጨምር ከሆነ ኢ2 መሆኑን በዚያ ታውቂዋለሽ። ቀጥለሽ ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ዳታቤዝ ኤክስተርናል 0.0.0.0 በዪ። አሁን ሁለቱም አዋጆች ጎን ለጎን ይወጣሉ፣ የተሸነፈው ጭምር። ሠንጠረዡ የሚያሳይሽ አሸናፊውን ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ይቀራል። ከላክሽልኝ ጽሑፍ እንዳየሁት አጂፕ ሜትሪክ 10 ብሎ ነው የሚያውጀው፣ መርካቶ ደግሞ 20። አንድ ሰው በአንድ ወቅት አስቦም ይሁን ሳያስብ እንደዚያ ጽፎታል። ጉዳይሽ በሙሉ ይሄው ነው። 10 ከ20 ያንሳል። ሦስተኛው ትእዛዝ ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ቦርደር ራውተርስ ነው፣ ወደ እያንዳንዱ የመውጫ ራውተር ያለሽን የውስጥ ኮስት ይነግርሻል። ለአሁኑ ጉዳይ አያስፈልግሽም፣ ሜትሪኮቹ እኩል ሲሆኑ ግን ዳኛው እሱ ነው።

የማወዳደሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ በዚያው ኤሪያ (የኦኤስፒኤፍ ኔትወርክ የሚከፋፈልበት ክፍል) ውስጥ የተገኘ መንገድ፣ ከዚያ ከሌላ ኤሪያ የመጣ፣ ከዚያ ኢ1፣ መጨረሻ ላይ ኢ2። ይህ ቅደም ተከተል በቁጥር አይሻርም። ኢ1 የሆነ መንገድ ድምሩ 5000 ቢሆን እንኳ ሜትሪኩ 1 የሆነውን ኢ2 ያሸንፋል። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚወድቀው። «ኢ1 ይሻላል አሉኝ» ብሎ አንዱን መውጫ ብቻ ኢ1 ያደርግና ሌላውን ይረሳዋል። በቃ፣ ትራፊኩ በሙሉ ወደዚያ ይጎርፋል፣ ሜትሪኩን ቢቀያይርም አይሰማውም።

አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ፣ ማለትም ራውተሩ መንገዱ ከየት እንደመጣ አይቶ የሚሰጠው የእምነት ደረጃ (ትንሹ ያሸንፋል)፣ እዚህ አይገባም። ሁለቱም ኦኤስፒኤፍ ናቸው፣ ሁለቱም 110 ናቸው። እሱ የሚመጣው ኦኤስፒኤፍ ከስታቲክ ወይም ከቢጂፒ (በድርጅቶችና በአቅራቢዎች መካከል መንገድ ከሚያለዋውጠው ፕሮቶኮል) ጋር ሲፎካከር ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ረጅሙ ፕሪፊክስ፣ ማለትም መድረሻውን ይበልጥ ለይቶ የሚናገረው መንገድ፣ ያሸንፋል። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ 0.0.0.0/1 እና 128.0.0.0/1 ጽፎ ከሆነ ዲፎልቱን ማንም አይጠይቀውም።

እንግዲህ መፍትሔው የሚወሰነው በምትፈልጊው ነገር ነው፤ ይህን ከአለቃሽ ጋር ተነጋገሪበት። የምትፈልጉት ሁልጊዜ በመርካቶ መውጣት፣ መርካቶ ሲቋረጥ ብቻ በአጂፕ መውጣት ከሆነ፣ ኢ2 እንዳለ ይሁን። የአጂፑን ሜትሪክ ወደ 100 ከፍ አድርጊ፣ የመርካቶውን 20 ላይ ተዪው። የውስጥ ሊንኮች ቢቀያየሩ፣ ነገ አራተኛ ሳይት ብትጨምሩ፣ ዋናው መውጫ ዋና ሆኖ ይቀጥላል። ለዋናና ለመጠባበቂያ ከኢ2 የተሻለ አላውቅም። ኢ2 የሚወቀሰው ሰው ሳያስበው ስለሚጠቀምበት ነው እንጂ በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም።

የምትፈልጉት እያንዳንዱ ሳይት በቅርቡ እንዲወጣ ከሆነ ግን ሁለቱንም ኢ1 አድርጓቸው። ያኔ ባንቺ ራውተር ላይ መርካቶ 20 ሲደመር 10፣ 30 ይሆናል። አጂፕ 10 ሲደመር 50፣ 60 ይሆናል። በመርካቶ ትወጫለሽ። ስትቀይሪ ከመርካቶ ጀምሪ። ለጥቂት ደቂቃ አንዱ ኢ1 ሌላው ኢ2 መሆኑ አይቀርም፣ ኢ1 የሆነው ደግሞ ሁሉን ይጠቀልላል። መርካቶን ካስቀደምሽ ትራፊኩ ወደምትፈልጊው ቦታ ነው የሚሄደው።

ኢ1 ከመረጣችሁ አንድ ነገር አደራ። የሲስኮ ነባሪ ስሌት 100 ሜጋቢትን ለሊንኩ ፍጥነት ማካፈል ነው። በዚያ ስሌት የ100 ሜጋ ሊንክም፣ የጊጋቢቱም፣ የ10 ጊጋቢቱም ኮስት 1 ነው። እንዲህ ባለ ካርታ ላይ «ቅርብ» ማለት ትርጉም የለውም። ሪፈረንስ ባንድዊድዙን (ያንን 100 ሜጋቢት) ከፍ አድርጊና በሁሉም ራውተር ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱን ረስተሽ ከተውሽው ሌላ ሌሊት ታድሪያለሽ።

የአጂፑን ኮስት 1000 አድርገሽ የተውሽው ከሆነ ወደ 50 መልሺው። ዛሬ ምንም አላደረገም ብለሽ እንዳትረሺው። ከዓመት በኋላ አንድ ሰው ሌላ ሊንክ ሲጨምር ያ 1000 ይነሳና ማንም የማያስታውሰው ጣጣ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ይሄ ነው። መርካቶና አጂፕ በቀጥታ የተያያዙ ቢሆኑ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ኮስቱን 1000 ስታደርጊው ራውተርሽ አሁንም አጂፕን ነው የሚመርጠው፣ ምክንያቱም 10 ከ20 ያንሳል። ግን ወደ አጂፕ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ አሁን በመርካቶ በኩል ነው። ስለዚህ ፓኬቱን «አጂፕ ይድረስ» ብሎ ለመርካቶ ይሰጠዋል። መርካቶ ግን ያንቺን ሐሳብ አያውቅም። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የመድረሻው አድራሻ እንጂ በየት በኩል ይውጣ የሚለው አይደለም። መርካቶ የራሱን ሠንጠረዥ ያያል፣ እዚያ ዲስታንሱ 1 የሆነ የራሱ ስታቲክ ዲፎልት አለ፣ በዚያው ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ያንቺ ሠንጠረዥ አጂፕ ይላል፣ ትሬስራውት (ፓኬቱ ያለፈበትን መንገድ የሚያሳየው ትእዛዝ) መርካቶ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ራውተር የሚወስነው ለራሱ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ሁለት የመውጫ ራውተሮች ካሉሽ ትሬስራውት ሳታደርጊ ሠንጠረዡን ብቻ አትመኚ።

በዚያው ምክንያት የአጂፕ መጋዘን ሠራተኞች፣ አንቺ ሜትሪኩን ምንም ብታደርጊው፣ በአጂፕ መስመር ነው የሚወጡት። የራሳቸው ስታቲክ 1፣ ከአንቺ የሚመጣው 110። እንዳይገርምሽ።

ሌላው ደግሞ መውጫው በሕይወት መኖሩ ነው። ዲፎልት ኢንፎርሜሽን ኦሪጂኔት የሚለው ትእዛዝ፣ ኦልዌይስ የሚል ቃል ካልተጨመረበት፣ የሚያውጀው ራውተሩ ራሱ ዲፎልት ራውት በሠንጠረዡ ላይ ሲኖረው ብቻ ነው። ጥሩ ነው። ግን ክረምት ላይ የሚሆነውን ታውቂያለሽ። ፋይበሩ ራቅ ብሎ፣ ከመንገድ ሥራ አጠገብ ይቆረጣል፣ ቢሮ ያለው ሞደም ግን አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቁጭ ብሏል። ፖርቱ አልወደቀም፣ ስታቲኩ ከሠንጠረዥ አልወጣም፣ ራውተሩ «በእኔ በኩል ውጡ» ማለቱን አላቆመም። ሁሉም ወደ ሞተው መስመር ይሄዳል፣ መጠባበቂያው ባዶውን ይቀመጣል። ስለዚህ ስታቲኩን ከአይፒ ኤስኤልኤ ትራክ ጋር እሰሪው፣ ራቅ ያለ አድራሻ ፒንግ እያደረገ መልስ ሲያጣ ስታቲኩን እንዲያነሳ። ማይክሮቲክ የሚባሉት ራውተሮች ላይ ለዚህ ቼክ ጌትዌይ የሚባል አለ፣ ግን ጌትዌዩ ያው የቢሮው ሞደም ከሆነ እሱም ይታለላል። ይህን ካላደረግሽ ስለ ሜትሪክ ያወራነው በሙሉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ፎርዋርዲንግ አድሬስ። ይሄን ከራሴ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ማታ ራቅ ያለው ሕንፃ በሙሉ ኢንተርኔት አጣ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ ካቢኔው ውስጥ ዩፒኤሱ ይጮሃል፣ እኔ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሬት ተቀምጫለሁ። ዳታቤዙን አያለሁ፣ የዲፎልቱ አዋጅ አለ። ሠንጠረዡን አያለሁ፣ የለም። ሊንኩ ይሠራል፣ ከጎረቤቱ ራውተር ጋር ያለው የኦኤስፒኤፍ ግንኙነት ፉል (የተሟላ) ነው። ፕሮሰሱን ሁለት ጊዜ አስነሳሁት፣ ወይ ፍንክች።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው አዋጁን መስመር በመስመር ያነበብኩት። ፎርዋርድ አድሬስ የሚለው ቦታ ላይ 0.0.0.0 («በእኔ በኩል» ማለት ነው) መሆን ሲገባው 10.20.30.1 ይላል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የመውጫው ራውተርና የአቅራቢው ራውተር አንድ ስዊች ላይ ናቸው፣ ኦኤስፒኤፍ ደግሞ በዚያ ኢንተርፌስ ላይ እየሠራ ነበር። እንዲህ ሲሆን የመውጫው ራውተር «እኔ ጋ ሳትመጡ በቀጥታ ወደዚያኛው ሂዱ» ብሎ የዚያኛውን አድራሻ አዋጁ ላይ ይጽፋል። አድራሻው ከተጻፈ በኋላ ሌሎቹ ራውተሮች ርቀት የሚለኩት እስከ አድራሻው ነው እንጂ እስከ መውጫው ራውተር አይደለም። አድራሻው ደግሞ በኦኤስፒኤፍ የውስጥ መንገድ መገኘት አለበት፣ ከዚያው ኤሪያ ወይም ከሌላ ኤሪያ። ካልተገኘ፣ ወይም የተገኘው በውጭ መንገድ ከሆነ፣ አዋጁ ዳታቤዝ ውስጥ እያለ ከምርጫው ውጭ ይሆናል። ስህተት የሚል ነገር እንኳ አይጽፍልሽም።

የዚያን ቀን ከሰዓት አንድ ባልደረባዬ ሠንጠረዡን ለማሳጠር ብሎ «የማያስፈልጉ» የሊንክ ኔትወርኮችን በኤሪያው ድንበር ላይ አጣርቶ አስቀርቶ ነበር። 10.20.30.0 ከመካከላቸው አለ። ማጣሪያውን አንስቼ ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ ዲፎልቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ የውጭ መንገድ ጉዳይ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ያንን መስመር ነው፣ አንቺም እዪው። በዚያ ኢንተርፌስ ላይ የኦኤስፒኤፍ ጎረቤት የማትፈልጊ ከሆነ ፓሲቭ አድርጊው፣ አድራሻው ወደ 0.0.0.0 ይመለሳል።

ኤሪያችሁ አንድ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለዪው። ብዙ ኤሪያ ካላችሁና ሁለት መውጫዎች ከተፎካከሩ፣ አርኤፍሲ 2328 ከቁጥሩ በፊት ወደ መውጫው የሚያደርሰው መንገድ ራሱ በየት እንደሚያልፍ ያያል። ከባክቦን (ሌሎቹን ከሚያገናኘው ኤሪያ 0) ውጭ ባለ በአንድ ኤሪያ ውስጥ የሚያልፈውን ያስቀድማል። የ1994ቱ አርኤፍሲ 1583 እንደዚያ አያደርግም ነበር። አንዳንድ መሣሪያዎች በነባሪ የድሮውን ደንብ ይከተላሉ፣ መቀየር ይቻላል፣ ግን ከቀየርሽ ሁሉም ላይ ቀይሪ። ግማሹ በድሮው ግማሹ በአዲሱ ከሠራ ፓኬቱ በሁለት ራውተሮች መካከል ሲንከራተት ይቀራል። ኤንኤስኤስኤ በሚባለው ልዩ ዓይነት ኤሪያ ውስጥ ደግሞ አዋጁ ዓይነት 7 ነው፤ በሌላው ሁሉ እኩል ሲሆኑ በ2003ቱ አርኤፍሲ 3101 መሠረት ፒ ቢቱ («ወደ ዓይነት 5 ይተርጎም» የሚለው ምልክት) የበራለት ዓይነት 7 ከዓይነት 5 ይቀድማል።

ድርጅታችሁ አድጎ የራሱን ኤኤስ ቁጥር (የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ይዞ ከሁለት አቅራቢዎች ጋር ቢጂፒ ቢጀምር ምርጫው ሌላ ነው። እዚያ፣ ዌይት የሚባለውን የሲስኮ የራሱን ቁጥር ካልነካችሁት፣ መጀመሪያ የሚታየው ሎካል ፕሪፈረንስ ነው፣ ነባሪው 100፣ ትልቁ ያሸንፋል። ከዚያ የኤኤስ ፓዝ ርዝመት (በመንገዱ ላይ ያሉት ኤኤሶች ብዛት)፣ ኦሪጂን (መንገዱ ወደ ቢጂፒ የገባበት ሁኔታ)፣ ሜድ (ጎረቤቱ ኤኤስ የሚልከው ሜትሪክ)፣ ከውጭ ጎረቤት የተሰማው ከውስጥ ከተሰማው መቅደሙ፣ ከዚያ በኋላ ነው እስከ ኔክስት ሆፑ ያለው የውስጥ ኮስት የሚጠየቀው። ከኢ2 ጋር ያለውን መመሳሰል ታዪያለሽ፣ እዚያም የውስጥ ኮስት ተራው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ለዛሬ ማታ ግን ሥራሽ ትንሽ ነው። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ የአጂፑ ራውተር ላይ ግቢ። ዲፎልት ኢንፎርሜሽን ኦሪጂኔት ሜትሪክ 100 ብለሽ ጻፊ። ወደ ራስሽ ራውተር ተመለሺና ኮስቱን 50 አድርጊ፣ ከዚያ ሾው አይፒ ራውት 0.0.0.0 በዪ። ሜትሪክ 20፣ ፎርዋርድ ሜትሪክ 10 ካለሽ ደርሷል። ትሬስራውት አድርጊ። ቀጥለሽ የመርካቶውን የኢንተርኔት ገመድ ንቀዪና ሰዓትሽን እያየሽ ጠብቂ፣ አጂፕ በስንት ሰከንድ እንደሚረከብ። ገመዱን መልሰሽ ሰክተሽ ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፣ የዳታቤዙን ጽሑፍ ጭምር።